ግድግዳው ምን አጠፋ?



አንዳንዶቻችሁ መሥሪያ ቤት ትመራላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔ ፕላን ስትነድፉ ነው የምትውሉት፤ የቀራችሁት ደግሞ እኛ ሁለታችን ተስማምተን በሠራነው ቢሮ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቀመጡ ናችሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ዛሬ የምወግነው ለሦስተኞቹ ነው።

አዲስ ቢሮ ሊያሠሩ የሚመጡ ኃላፊዎች ወንበር ስበው ሳይደላደሉ የሚሉት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «ግድግዳ አንፈልግም፤ ሁሉም ክፍት ይሁን፤ ሠራተኛው ተቀራርቦ ይሥራ።» ቅን ሐሳብ ነው። ርካሽም ነው፤ ግድግዳ ከሌለ በአንድ ወለል ላይ ብዙ ጠረጴዛ ይገባል፤ ይህን ግን በዚያ ሰዓት የሚያነሳው የለም። ፕላኑ እየተሟላ ሲሄድ ከወጡት ግድግዳዎች አንዱ ተመልሶ ይመጣል። የኃላፊው ግድግዳ ነው፤ ከነጸሐፊዋ ክፍል፣ ከነመታጠቢያ ቤቱ።

ግድግዳ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ስለዚህ ሲነሳ ሰው ይገናኛል የሚለው ክርክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ሲለኩት ግን ሌላ ነው የተገኘው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2018 የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት መምህሩ ኤታን በርንስታይን ከስቲቨን ተርባን ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ከተከፋፈለ ቢሮ ወደ ክፍት ቢሮ ሊቀይሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሠራተኛውን «ተቀራረባችሁ ወይ?» ብለው አልጠየቁም፤ እንዲያ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው አለቃው መስማት የሚወደውን ነው። በመጀመሪያው ኩባንያ 52 ሠራተኞች አንገታቸው ላይ አንድ መሣሪያ አንጠለጠሉ። መሣሪያው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት መሆናቸውንና መነጋገራቸውን ይለያል፤ ምን እንደተባባሉ ግን አይቀዳም። ከለውጡ በፊት 15 የሥራ ቀን፣ ከለውጡ በኋላ 15 የሥራ ቀን ተለካ። በሁለተኛው ኩባንያ ደግሞ 100 ሰው ተሳተፈ። ውጤቱ፦ ሰዎች በአካል የሚነጋገሩበት ጊዜ በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኢሜይሉ ጨመረ።

ይህን ቁጥር ስናገር ፊታችሁን እያየሁ ነው። ኃላፊዎቹ ተገርማችኋል፤ ሦስተኞቹ ግን አልተገረማችሁም። በክፍት አዳራሽ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ስትነሱ የሚያያችሁ ሠላሳ ሰው ነው፤ የሚሰማችሁም እንዲሁ። የአንዱን ሥራ ብትጠይቁ የአሥሩን ትረብሻላችሁ። ስለዚህ ጆሮ ማዳመጫ ታደርጋላችሁ፤ ሁለት ሜትር ለማይርቃችሁ ሰው በቴሌግራም ትጽፋላችሁ። እኛ አገር ላይ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመት ያልሞላው መሐንዲስ ያላወቀውን ነገር በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንጋፋውን ቀስ ብሎ ይጠይቃል። በአዳራሽ ውስጥ «ይህን እስካሁን አታውቅም እንዴ?» የምትለዋን ድምፅ ይፈራል። ስለዚህ አይጠይቅም። ሥራውን አበላሽቶ ያመጣዋል፤ ያኔ ሁላችንም እንሰማለን።

የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጡን፣ የቢፒአርን ዘመን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ክፍልፋይ እየተነሳ ጠረጴዛ በአዳራሽ የተደረደረበት ጊዜ ነበር። ባለጉዳዩ አልተጎዳም፤ ፋይሉ ከክፍል ክፍል ከሚንከራተት እዚያው ዓይኑ ሥር መጨረሱ በጎ ነው። ሠራተኛውን ግን ልብ ብላችሁት ከሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ የብረት ካቢኔቱን ጎትቶ በስተጀርባው አቆመው። በጎኑ ካርቶን ቆለለ። በካርቶኑ ላይ ፋይል፣ በፋይሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ። ግድግዳ ሲወሰድበት በእጁ ባገኘው ዕቃ ሁሉ መልሶ ሠራው። ይህን «ለውጥ የማይቀበል ሠራተኛ» እያሉ የሚያሙት ነበሩ። እኔ እዚያ ካቢኔት ላይ የማየው የንድፍ አስተያየት ነው፤ በነፃ የተሰጠ።

እንግዲህ ግድግዳው ካልሆነ ሰውን ከሰው የሚለየው ምንድን ነው? ቶማስ አለን የተባሉ፣ የአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ይህን ለረጅም ዓመታት አጥንተው በ1977 በመጽሐፍ አወጡት። ያጠኑት መሐንዲሶችንና ተመራማሪዎችን ነው። ማን ከማን ጋር ስለ ሥራ ይነጋገራል፣ በመካከላቸውስ ስንት ሜትር አለ ብለው መዘገቡ። የንግግሩን ብዛት ከርቀቱ ጋር አያይዘው ሲስሉት መስመሩ ቁልቁል የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሜትሮች ውስጥ ነው። ሃምሳ ሜትር ካለፈ በኋላ ሰውየው በዚያው ሕንፃ ሆነ በሌላ ሕንፃ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ሃምሳ ሜትር የኳስ ሜዳ ግማሽ አይሞላም! አለን ቆይተው፣ በኢሜይል ዘመንም፣ ከጀርመናዊው አርክቴክት ጉንተር ሄን ጋር ወደ ጉዳዩ ተመልሰዋል፤ ቴክኖሎጂው ርቀቱን አልሻረውም። ሰው የሚደውለውም የሚጽፈውም በአካል ለሚያገኘው ሰው ነው። የማናየውን ሰው እንረሳዋለን፤ ስልኩ እጃችን ላይ እያለ እንኳ።

አሁን ወደ ሰንጋ ተራ እንሂድ። ባንኮቻችን እዚያና በዙሪያው ፎቅ በፎቅ ላይ ገንብተዋል፤ በ2022 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። በሕንፃዎቹ እኮራለሁ። አንድ ነገር ግን አስቡ። በእንዲህ ዓይነት ረጅም ሕንፃ ውስጥ የክፍል አመዳደቡ ብዙ ጊዜ በፎቅ ነው፤ ሕግ ክፍል አሥራ ሁለተኛ፣ አይቲ አሥራ ሦስተኛ፣ ብድር አሥራ አራተኛ። በሕግ ባለሙያውና በአይቲ ባለሙያው መካከል ያለው ኮንክሪት ወፍራም አይደለም፤ የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። ሆኖም ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ሊኖሩ ይችላሉ። ሊፍት ውስጥ ሰው አይነጋገርም፤ ሁሉም በሩን እያየ ቁጥር ይቆጥራል። ደረጃውስ? ከወፍራም የእሳት በር ኋላ ተደብቆ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ የጽዳት ባልዲና መወልወያ ማስቀመጫ ሆኗል። ሰው የሚያስታውሰው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። አብረው መሥራት ያለባቸው ክፍሎች በሁለት ወይም በሦስት ፎቅ ከተከፈሉ፣ በመካከላቸው ወለሉን ቆርጣችሁ ክፍት ደረጃ አስገቡ፤ ከአደጋ ጊዜ ደረጃው የተለየ፣ ሰፊ፣ ብርሃን የሚያገኝ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው የሚያልፍበት። አሠሪው «ስንት ካሬ ሊበላብኝ ነው?» ይላችኋል። ብዙ ይበላል። ተከራከሩ።

ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የቢሮ ታሪክ የጎግልና የመሰሎቹ ነው፤ ባለቀለም ሶፋና የጠረጴዛ ቴኒስ። ለእኔ የሚበልጠው አንድ የእንጨት ቤት ነው። በ1943 ዓለም በጦርነት ላይ ሳለ፣ የራዳር ምርምር ቦታ የጠበበው ኤምአይቲ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ከእንጨት በጥድፊያ አቆመ። ስም እንኳ አልወጣለትም፤ «ሕንፃ 20» ነው የተባለው። ጦርነቱ ሲያበቃ እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ ጊዜያዊ ቤት ነበር፤ እስከ 1998 ቆመ። በበጋ ያቃጥላል፣ በክረምት ንፋስ ያስገባል፤ የክፍሎቹ ቁጥር አሰጣጥ የነዋሪውን ሳይቀር ራስ ያዞራል። ከጦርነቱ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቦታ ያጣለትን ሁሉ እዚያ ወሰደው። የቋንቋ ሊቃውንቱ ኖም ቾምስኪና ሞሪስ ሃሌ፣ የድምፅ ምርምር ቤተ ሙከራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ተመራማሪዎች፣ የአሻንጉሊት ባቡር የሚገጣጥሙ ተማሪዎች ክበብ ሁሉ እዚያ ነበሩ። የባቡሩ ክበብ ልጆች ኋላ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎች መካከል ሆነዋል።

ይህ ቤት ክፍት ቢሮ አልነበረም። ረጃጅም ኮሪደር፣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ደግሞ በር ያላቸው ክፍሎች ነበሩት። የተለየ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን የተዘረጋ በመሆኑ የራሱን ክፍል ፈልጎ የሚሄደው ሰው የሌላውን ደጃፍ ማለፍ ግዴታው ነበር፤ መንገድ የጠፋበትም ሌላ ሰው ክፍል ገብቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወሬ ይነሳል። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል፤ ቤቱ ማንም የማይሳሳለት ስለነበር ነዋሪዎቹ እንዳሻቸው ቀየሩት። ሽቦ መዘርጋት የፈለገ ግድግዳውን በስቶ ዘረጋ። የፊዚክስ ሊቁ ጄሮልድ ዛካሪያስ የአቶሚክ ሰዓት ሲሠሩ መሣሪያው በቁመት አልገባ ቢላቸው የሁለት ፎቅ ወለል አስነሥተው አቆሙት። ማመልከቻ፣ ኮሚቴ፣ የጨረታ ሰነድ የሚባል ነገር አልነበረም። የእኛን መሥሪያ ቤት አስቡት፤ አንድ ጠረጴዛ ከመስኮት ወደ ግድግዳ ለማዞር እንኳ የንብረት ክፍል ፊርማ የሚጠየቅበት አለ።

በፈረሰው ቤት ቦታ ላይ በ2004 ዝነኛው ፍራንክ ጌሪ የነደፉት ስታታ ማዕከል ቆመ፤ ግድግዳው የተጣመመ፣ ለመገናኛ ተብሎ የታሰበ ብዙ ቦታ ያለው። በ2007 ኤምአይቲ «ያፈሳል» ብሎ አርክቴክቱን ከሰሰ። ጉዳዩ በኋላ በስምምነት አልቋል። እኔ ጌሪን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የእንጨቱ ቤት ቢያፈስ ማን ይከሰሳል?

ከዚሁ ጋር የምትሄድ አንዲት ሌላ ነገር ላንሳ። ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1947 የተፈለሰፈው ኒው ጀርሲ ውስጥ በመሪ ሂል በሚገኘው የቤል ላቦራቶሪ ነው። ስለዚያ ሕንፃ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ከ200 ሜትር ስለሚረዝመው ኮሪደሩ ነው፤ ሰው ሁሉ በእሱ ላይ እየተላለፈ ሐሳብ ይለዋወጥ ነበር ይባላል። ኮሪደሩ የራሱ ድርሻ አለው። ግን የቲዎሪ ሰው የነበሩት ጆን ባርዲን በ1945 ሲቀጠሩ የሚሰጣቸው ቢሮ አልነበረም፤ ቦታ ጠቦ ነበር። ስለዚህ ከሙከራ ሰዎቹ ከዋልተር ብራተንና ከጄራልድ ፒርሰን ጋር በአንድ ክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ። የሚያሰላውና የሚሞክረው ሰው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሆኑ። ባርዲንና ብራተን ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን መሣሪያ አብረው ሠሩ፤ ቆይተውም ከዊልያም ሾክሊ ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ክፍል ስለጠበበ ትራንዚስተር ተወለደ አልልም። እውቀቱ፣ ገንዘቡ፣ ጊዜው ነበራቸው። ግን ልብ በሉልኝ፤ ግድግዳ ነበር፣ በርም ነበር። ከበሩ ጀርባ የተቀመጡት ሦስቱ ግን ትክክለኛዎቹ ሰዎች ነበሩ።

ክፍት ቢሮ ራሱ ሲነሳ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀርመኖቹ የክቪክቦርን ቡድን ሰዎች ለበርተልስማን አሳታሚ ድርጅት ቢሮ ሲነድፉ፣ በመጀመሪያ ወረቀትና ሰው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አጠኑ፤ ጠረጴዛውን የደረደሩት በዚያ ነው። ድምፅ እንዲውጥ ምንጣፍ አነጠፉ፣ አትክልት አስገቡ፣ አለቃውንም ከሰው መካከል አስቀመጡ። ዓለም ከዚህ ሁሉ የቀዳው ግድግዳ አለመኖሩን ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ፕሮፕስትም በ1968 ለኸርማን ሚለር ኩባንያ ሠራተኛው እንደ ሥራው የሚከፍተውና የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ክፍልፋይ ነደፉ፤ ኩባንያዎች ወስደው አራት ማዕዘን ሳጥን አደረጉት። ፕሮፕስት በሽምግልናቸው ያንን ሲያወግዙ ነው የኖሩት።

ስቲቭ ጆብስ በሌላ በኩል ሄዱ። የሚመሩት የፒክሳር ፊልም ኩባንያ በ2000 ኤመሪቪል ወደሚገኘው አዲስ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ፣ መሐል ላይ ትልቅ አዳራሽ እንዲኖርና ምግቡም፣ የፖስታ ሳጥኑም፣ የስብሰባ ክፍሉም እዚያ እንዲሆን አዘዙ። ሽንት ቤቱም እዚያ ብቻ ይሁን ብለው ነበር! ሠራተኛው ተቆጣ፤ ተጨማሪ ተሠራ። ሐሳቡ ግን ይገባኛል። ሰው ለስብሰባ ሲጠራ ከሚያገኘው ይልቅ ለግል ጉዳዩ ሲሄድ የሚያገኘው ይበዛል።

እኛ ደግሞ ይህን ያለ አርክቴክት ሠርተነዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየፎቁ ሥር፣ ከመግቢያው ጎን ወይም ከደረጃው ሥር፣ ረከቦት ተቀምጦ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ አጫጭር በርጩማ የተደረደረበት የጀበና ቡና ጥግ አለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወርዳችሁ እዩት። ከሂሳብ ክፍል የመጣችው፣ የግዢ ባለሙያው፣ ከስድስተኛ ፎቅ የወረደው መሐንዲስና ሾፌሩ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠዋል። ጎናችሁ ማን እንደሚቀመጥ አትመርጡም፤ ባዶ በርጩማ ያለው እዚያ ነው። ጠረጴዛ የለም፤ ስለዚህ ከጠረጴዛ ኋላ የሚቀመጥ የለም። ቡናው እስኪፈላ የግድ ይጠበቃል፤ ምን ትሠራለህ የሚልም የለም። በዚህ መካከል የግዢ ባለሙያው ዕቃ ሊያመጣ የተባለው መኪና ጋራዥ መግባቱን ከሾፌሩ አፍ ይሰማል። በደብዳቤ ቢሆን ሳምንት ይፈጅ ነበር። መሐንዲሱም ክፍያው የቆመው በአንድ ማኅተም ጉድለት እንደሆነ ከሂሳቧ ልጅ ይረዳል፤ ሲኒዋን አስቀምጣ ስትነሳ ተከትሏት ይሄዳል።

በዚህ ጥግ የማይታየው ማን ነው? ዳይሬክተሩ። የእሳቸው ቡና በትሪ ወደ ላይ ይወጣል። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከማንም ይበልጥ መረጃ የሚያስፈልጋቸው ሰው፣ በክብር ምክንያት መረጃው ከሚገኝበት ቦታ ተቆርጠው ቀሩ። ከዚያ «ቅንጅት ጎደለ» ብለው ሰኞ ጠዋት የግማሽ ቀን ስብሰባ ይጠራሉ።

አንዳንድ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች «ገጽታ ያበላሻል» ብለው ቡናውን ወደ መኪና ማቆሚያው አስወርደውታል፤ ከበር ውጭ ያባረሩትም አሉ። በምትኩ እዚያው ቦታ የቆዳ ሶፋ አስገብተው «የመገናኛ ቦታ» ይሉታል፤ ማንም አይቀመጥበትም። እባካችሁ ቡናውን ፕላኑ ላይ አስገቡት። ትልቅ ቦታ አይፈልግም፤ የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ መስመር፣ የጭስ መውጫ፣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር መሆን። በየሁለት ሦስት ፎቁ አንድ ቢሆን መልካም ነው፤ በየፎቁ ከሆነ ግን ሰው ከፎቁ አይነቃነቅም።

ስለ ድምፅ ካልተናገርኩ ሦስተኞቹ አትለቁኝም። ሥራ የሚያቋርጠው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ከጩኸቱ ይልቅ ቃሉ የሚለይ ንግግር ያስቸግራል፤ በተለይ የአንድ ወገን ብቻ የሚሰማው የስልክ ንግግር። ጆሯችን ሌላውን ወገን ካልሞላ አያርፍም። የእኛ ቢሮዎች ወለላቸው ሴራሚክ፣ ውጫቸው መስታወት፣ ኮርኒሳቸው ልሙጥ ጂፕሰም ነው፤ ሦስቱም ድምፅ መላሾች ናቸው። ነገ ቢሯችሁ ስትገቡ አንዴ አጨብጭቡ፤ ድምፁ ጅራት ካለው ክፍሉ ታሟል። ኮርኒሱን ድምፅ በሚውጥ ጠፍጣፋ ነገር መሸፈን ብቻ ብዙ ይረዳል። ከዚያ ደግሞ በር ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች ሥሩ፤ ለሁለት፣ ለሦስት ሰው የሚሆኑ፤ በማንም ስም ያልተመዘገቡ። ስዊድኖች በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ያገኙት መላ ይህ ነበር፤ ዙሪያውን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ትንሽ ክፍል፣ መሐሉን የጋራ። ሰው በሩን ዘግቶ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይወጣል። መዝጋት የሚችል ሰው ለመክፈት አይሳሳም።

የኃላፊውን ክፍል በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ክፍል ይኑራቸው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ ሕመም የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው፤ በር ያስፈልጋቸዋል። ግን ከላይኛው ፎቅ ጥግ አውጥታችሁ ሰው የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ አድርጉት። በአየር ላይ የተንጠለጠለውን የማዕዘን መስኮት፣ ከተማውን ከላይ የሚያሳየውን፣ ለጋራ ምሳ ቦታ ስጡት። ይህን ሐሳብ ለአሠሪዎች አቅርቤ የተቀበሉኝ ጥቂቶች ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ ሕንፃ ለመሥራት አቅሙ የላችሁም፤ ያለውን ይዛችሁ ነው የምትኖሩት። ለእናንተ ሥራው በወረቀት ይጀምራል። የመሥሪያ ቤቱን ፕላን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለጥቂት ሳምንታት እያንዳንዱ ሠራተኛ ማታ ሲወጣ ዛሬ ሥራዬ እንዲያልቅ ያስፈለገኝ ሰው ማነው ብሎ ስም ይጻፍ። ከዚያ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ስመሩ። ረጅምና ወፍራም የሆነው መስመር ሁለቱ ጫፎቹ ተቀራርበው መቀመጥ ያለባቸውን ሰዎች ያሳያችኋል፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ክፍል ሰዎች አይደሉም። በመዋቅሩ ሳይሆን በመስመሩ አስቀምጧቸው። የንብረት ክፍሉ ፊርማ ይፈጅ ይሆናል፤ ገንዘብ ግን አይፈጅም።

ስለ ወጪ፣ ስለ እሳት ደንቡና ስለ ደረጃው የካሬ ሒሳብ ጥያቄ እንደሚኖራችሁ አውቃለሁ። ማይክሮፎኑ ከመካከለኛው ረድፍ ይጀምር።